ቀበሮውን ለማዳን ውሻውን መከተብ

“ሐኪም” የሚለውን ቃል ስትሰሙ በአእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ነጭ ጋውን፣ ካርድ ክፍል፣ ረጅም ወረፋ፣ ስም የሚጣራ ነርስ። ታማሚው የሚያመውን ቦታ በእጁ ያሳያል፤ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል። ታማሚው ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ቢሆን እንኳ እናቱ ትናገርለታለች።

እስቲ አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕክምና አስቡ። ታማሚው ሐኪሙን ገና ከሩቅ ሲያይ ይሸሻል። የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺህ እስከ አራት ሺህ ሜትር በሚደርስ ደጋ ላይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ብርቱ ነፋስ ባለበት። የት እንደሚያመው አይናገርም፣ የሚናገርለትም የለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን በፈረስ ጭኖ፣ ድንኳኑን ተሸክሞ፣ ታማሚውን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ይዞራል። ሲያገኘውም ታማሚው ይነክሰው ይሆናል እንጂ አያመሰግነውም።

ይህ ተረት አይደለም። በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ሕክምና የሚዞሩት የእንስሳት ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው የዕለት ሥራቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከፓርኩ ሠራተኞች ጋር በመሆን ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። “ታዲያ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? እኛ የምንኖረው ከተማ ነው፣ ቀበሮም አይተን አናውቅም” ትሉ ይሆናል። ታገሡንና አብረን እንይ። የእነዚህ ሐኪሞች ዋናው ሥራ የሚሠራው ተራራው ላይ ብቻ አይደለምና፤ እናንተ ግቢ በር ላይ በሰንሰለት ከታሰረው ውሻ ጋርም ይገናኛል።

ታማሚው ማን ነው?

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። ጠጉሩ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ጉሮሮውና ሆዱ ነጣ ያለ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጠጥ ያለ እንስሳ ነው። በዛሬው ጊዜ በምድር ላይ የቀሩት ከአምስት መቶ አይበልጡም። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ከፍታዎች ላይ በትንንሽ ቁጥር ተበታትነዋል።

የቁጥሩን ማነስ በዓይነ ሕሊናችሁ ለማየት ብትፈልጉ፣ በአንድ መካከለኛ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት የሚቀመጠውን ሕዝብ አስቡ። ከዚያ በሚያንስ ቁጥር የዓለም ቀይ ቀበሮ ሁሉ ተቆጥሮ ያልቃል።

ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ድረስ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይጠብቃል። የአካባቢው ኦሮሞ ሕዝብ ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ከኋላ ከኋላ ስለሚከተል የወጣለት ስም እንደ ሆነ ይነገራል።

ፍቅራቸው እንዴት ሞት ሆነባቸው?

ቀይ ቀበሮ ለአደን ብቻውን ይወጣል፤ ኑሮው ግን የቤተሰብ ኑሮ ነው። አንድ አባወራና አንዲት እማወራ አሉ፤ የሚወልዱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ያደጉ ልጆቻቸው፣ ወንድሞችና እኅቶች ይኖራሉ። ግልገሎች ሲወለዱ የመንጋው አባላት ሁሉ ያሳድጓቸዋል፤ አንዱ ዋሻውን ይጠብቃል፣ ሌላው አድኖ የበላውን መጥቶ ለግልገሎቹ ይተፋላቸዋል። ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይላላሳሉ፣ ይሻሻሻሉ፣ ጅራታቸውን እየቆሉ ይጫወታሉ፤ ከዚያም የክልላቸውን ድንበር አብረው ይዞራሉ። ሌሊትም ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኛሉ።

ለዘመናት ያኖራቸው ይህ መቀራረብ፣ አንድ በሽታ ሲገባ መጥፊያቸው ይሆናል። ይህም በሽታ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ አለ። በንክሻ ወይም በቁስል በኩል ከገባ በኋላ በነርቭ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለእንስሳም ሆነ ለሰው የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በየማለዳው የሚላላስና አብሮ የሚተኛ ቤተሰብ ውስጥ አንድ የታመመ ቀበሮ ሲገባ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ በተነሣው ወረርሽኝ፣ ቀበሮ በብዛት በሚገኝበት በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አራት ቀበሮዎች ሦስቱ ያህል አለቁ። ቁጥሩ እስኪያገግም ዓመታት ፈጀ። ያገገመው ሲመስል እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ተመልሶ መጣ፤ በዚያው ሸለቆም እንደገና ከአራቱ ሦስቱን ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014ም እንዲሁ ወረርሽኝ ተነሣ። በመካከሉ ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሾች በሽታ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ገብቶ የተረፉትን አጠቃ።

በሽታው ተራራ ላይ እንዴት ወጣ?

ቀበሮዎቹ ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በሽታውን ለብዙ ዓመት በመካከላቸው ይዘው ማቆየት አይችሉም፤ ይገድላቸውና ራሱም ይጠፋል። ተመልሶ የሚመጣው ከውጭ ነው። የሚያመጣውም የሰው ወዳጅ የሆነው ውሻ ነው።

በባሌ ደጋ ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ያለ ውሻ አይኖርም። ጅብ በሌሊት በረት ሲጠጋ የሚጮኸው እርሱ ነው። ከብቶች እንደ ወቅቱ ወደ ከፍተኛው የግጦሽ መሬት ሲወጡ፣ በአካባቢው ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ፣ ውሻውም ከባለቤቱ ጋር ይወጣል። ገበያም አብሮ ይሄዳል፤ በመንገዱም ከሌላ መንደር ውሻ ጋር ይጣላል፣ ይናከሳል። በአብዛኛው አይታሰርም፤ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ሲራብ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ቀበሮ በሞተ ከብት አጠገብ ያገኛል፤ ይናከሳሉ። አንዲት ንክሻ ትበቃለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የምንከስሰው ክፉ ሰው የለም። ከብት ጠባቂው ልጆቹን ለማሳደግ ይደክማል። ውሻው የጌታውን በረት ይጠብቃል። ቀበሮውም ፍልፈሉን ያድናል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወቅቱ ያልተሰጠ ክትባት።

የሐኪሞቹ ውሎ

የተንቀሳቃሹ ቡድን ሥራ የሚጀምረው በመርፌ ሳይሆን በዓይን ነው። በየሸለቆው የተመደቡ ተከታታዮች፣ ብዙዎቹ የዚያው አገር ተወላጆች፣ በእግርና በፈረስ እየዞሩ መንጋዎቹን ያያሉ። ይህ መንጋ ስንት ነው? ስንት ግልገል አለው? ባለፈው ሳምንት የታየው ዛሬ የት ገባ? ከመንጋው ተለይቶ የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይፈራ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ቀበሮ ካዩ ወዲያው ያስታውቃሉ። ሞቶ የተገኘ ካለም እንዲሁ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ በበድኑ ላይ ይደርሳል። ጓንት አጥልቆ፣ ዓይኑንና አፉን ሸፍኖ የአንጎል ናሙና ይወስዳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በአንጎል ምርመራ ነውና። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸው አስቀድመው መከተብ አለባቸው። ናሙናው ቅዝቃዜው ሳይጠፋ ከተራራው ወርዶ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። መንገድ በሌለበት ቦታ ይህ ማለት በፈረስ፣ ከዚያም በመኪና ረጅም ጉዞ ማለት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው፤ በሽታው በዚህ መካከል ወደሚቀጥለው መንጋ እየተጓዘ ሊሆን ይችላልና።

በሽታው ከተረጋገጠና ፈቃድ ከተገኘ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል፤ ያልታመሙትን ይዞ መከተብ። ለዚህ የሚጠቀሙበት ወጥመድ እግር እንዳይሰብር ጠርዙ በላስቲክ የተሸፈነ ነው። ወጥመዱ ያለ ጠባቂ አይተውም። ቀበሮው ሲያዝ ሰዎቹ በፍጥነትና በዝምታ ይደርሳሉ፤ እንዳይደነግጥም ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍኑታል። እንደ ሁኔታው ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ይመዘናል፤ ወንዱ አሥራ ስድስት ኪሎ ገደማ፣ ሴቷም አሥራ ሦስት ገደማ ናቸው። የደም ናሙና ይወሰዳል፣ ክትባቱ ይሰጣል፣ በሌላ ቀን እንዲለይም ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግለታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱ ትንፋሹን፣ ሌላው የሰውነቱን ሙቀት ይከታተላል፤ በዚያ ብርድ የደነዘዘ እንስሳ በቶሎ ይቀዘቅዛል። ከዚያም ይለቀቃል። ተነሥቶ ወደ ቤተሰቡ እስኪሮጥ ድረስ ቆመው ያዩታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የዱርን እንስሳ ይዞ መርፌ መውጋት ራሱ አይጎዳውምን? ይህን የጠየቃችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ የሚኖሩ የዱር ውሾች ከተከተቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 መንጋዎቻቸው ስለ ጠፉ፣ “መያዛቸውና መከተባቸው ጎድቷቸው ይሆን?” የሚል ከባድ ክርክር በባለሙያዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያንን ግምት ባይደግፉትም፣ ጥርጣሬው ለብዙ ዓመታት የሐኪሞችን እጅ አሰረ። በባሌ ቀበሮዎችን መከተብ የተፈቀደውም በሽታው እ.ኤ.አ. በ2003 ደጃፋቸው ከደረሰ በኋላ ነበር።

ጥቂቱን በመከተብ ብዙውን ማዳን

ያን ጊዜ የገጠማቸው ችግር ግልጽ ነበር። በሽታው ከዌብ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች ይሄዳል። ሁሉንም ቀበሮ ይዞ መከተብ ደግሞ አይቻልም፤ ሰውም ጊዜም አይበቃም። ምን ይደረግ?

የተራራውን አቀማመጥ ተመለከቱ። ቀበሮዎቹ የሚኖሩባቸው ሰፋፊ ሸለቆዎች እርስ በርስ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች ነው፤ ልክ ሰፊ ክፍሎች በጠባብ በር እንደሚገናኙ። እሳት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ ቤቱን ሁሉ ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም፤ በሩ ላይ መቆም ይበቃል። ሐኪሞቹም በመተላለፊያዎቹ አጠገብ ያሉትን መንጋዎች መርጠው ከተቡ። በሽታው የተከተቡት ጋ ሲደርስ የሚያልፍበት አጣ፤ የቀሩት የባሌ ሸለቆዎችም ተረፉ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሞ፣ በጥቂቱ በመከተብም ቢሆን ሊጠፋ የተቃረበን እንስሳ ማትረፍ እንደሚቻል ለዓለም አስተማረ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እሳት ከተነሣ በኋላ የማጥፋት ሥራ ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው ሲረጋገጥ፣ ፈቃድ ሲገኝ፣ ክትባት ሲመጣ፣ ብዙ ቀበሮ አስቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። በሽታው ሳይመጣ፣ ቀበሮውንም ሳንይዝ መከተብ እንችላለን?

ሥጋ ውስጥ የተሸሸገ መድኃኒት

እናቶች ይህን ዘዴ ያውቁታል። መራራ መድኃኒት አልውጥም ያለውን ልጅ በማር ወይም በሙዝ ሸፍነው ያውጡታል። በአውሮፓ በጫካ የሚኖሩ ቀበሮዎች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተከተቡት በዚህ መንገድ ነው። በፈሳሽ መልክ ያለው ክትባት በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በሚበላ ነገር ውስጥ ይደበቃል። እንስሳው ሲነክሰው ከረጢቱ ይቀደዳል፤ ፈሳሹ አፉን ያርሰዋል፤ ሰውነቱም መከላከያ ማበጀት ይጀምራል።

በባሌ ሙከራው የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነበር፤ ቀይ ቀበሮ ምን ይወዳል? የተለያዩ ምግቦች ቀረቡለት፤ ካሸነፉትም አንዱ የፍየል ሥጋ ሆነ። መቼ ይሰጥ? ቀን ከተጣለ አሞራና ቁራ ይቀድሙታል፤ ውሻም ይበላዋል። ስለዚህ ቡድኑ ቀበሮዎቹ የሚያድሩበትን ቦታ አስቀድሞ ያጠናና በጨለማ ሄዶ ሥጋውን በአጠገባቸው ይጥላል። ከዚያ ማን እንደ በላ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ስግብግብ የሦስቱን ቢበላ ሁለቱ ያለ ክትባት ይቀራሉና። በተለይ አባወራውና እማወራዋ እንዲያገኙ ይጥራሉ። ሁሉን ማትረፍ ባይቻል እንኳ የሚወልዱት ጥንዶች ከተረፉ ቤቱ እንደገና ይሞላልና።

በሙከራው ላይ የተወሰኑት ቀበሮዎች በኋላ ተይዘው ደማቸው ሲመረመር፣ ክትባቱን ከበሉት ውስጥ ብዙዎቹ የበሽታ መከላከያ አበጅተው ተገኙ። ከዓመታት ሙከራና የፈቃድ ሂደት በኋላ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2018 በባሌ ተራሮች ወረርሽኝ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ተጀመረ። ከእሳት ማጥፋት ወደ እሳት መከላከል የተሻገሩት ያን ጊዜ ነው።

ተረፈ የተባለው

የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ ሁልጊዜ ስለ መንጋና ስለ ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የፓርኩ ሰዎች አንድ እግሩ ክፉኛ የተሰበረ ወንድ ቀበሮ አገኙ። በጥይት የተመታ ይመስል ነበር። ከዚያ በፊት የቆሰለ ቀይ ቀበሮ ይዞ፣ አክሞና አስታሞ ወደ ዱር የመለሰ ማንም አልነበረም። የታሰረ የዱር እንስሳ በጭንቀት ብቻ ሊሞት ይችላል። ቢተዉት ግን መሞቱ አይቀርም።

ያዙት። በተራራው ላይ መጠለያ አዘጋጁለት፤ ሰው እንዳይለምድ ከሕክምናው በቀር ብዙ አልቀረቡትም። የተሰበረው አጥንት ቀስ በቀስ ገጠመ። ከ51 ቀናት በኋላ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ የሳተላይት መከታተያ በአንገቱ ታስሮለት ተለቀቀ። ስሙንም ተረፈ አሉት። ተረፈ ወደ ሜዳው ተመልሶ ራሱን ችሎ መኖር ጀመረ።

“ለአንድ ቀበሮ ይህን ያህል ድካም!” የሚል ይኖራል። ከአምስት መቶ ለማይበልጥ ወገን ግን አንድ ማለት ትንሽ ቁጥር አይደለም። ደግሞም በአካባቢው የሚኖረው ሰው፣ ሐኪሞች ለዚህ እንስሳ ሲደክሙ ማየቱ ራሱ ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምራል።

አሁን ወደ ግቢያችሁ እንመለስ

እስከ አሁን ስለ ተራራው ነገርናችሁ። የጠቀስነው ፕሮግራም ግን ከቀበሮ ይልቅ እጅግ የሚበዛ ቁጥር ያለው ክትባት የሚሰጠው ለውሻ ነው። በየዓመቱ በባሌ መንደሮች እየዞረ በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬና የከብት አርቢ ውሾችን ያለ ክፍያ ይከትባል። ባለቤቱ ውሻውን በገመድ ስቦ ያመጣል፤ አንዳንዱን ውሻ ለመያዝ ሁለት ሦስት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ይወጋል፤ ስሙ ይመዘገባል። ይህ ክትባት ቀበሮውን ያድናል። ቀበሮውን ብቻ ግን አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ የነካው ውሻ የገበሬውን በሬ ይነክሳል፣ ላሙን ይነክሳል፣ ከብት የሚጠብቀውን ልጁንም ይነክሳል። አንዱ መርፌ ለቀበሮው፣ ለበሬውና ለልጁ ይሆናል።

ይህም ለባሌ ብቻ የሚነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ናቸው። አገራችንም ክፉኛ ከሚጠቁት መካከል ናት። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎችም ከመቶው አርባው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ያቅፋል፣ ጭራ ይጎትታል፣ ሲነከስም “እናቴ ትቆጣኛለች” ብሎ ይደብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው ሰባው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ልክ በተራራው መተላለፊያ እንደ ሆነው ሁሉ፣ በሽታው የሚያልፍበት ያጣል።

ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ዛሬ ማታ እራት ላይ በእነዚህ ነጥቦች ተነጋገሩ፦

ውሻችን መቼ ተከተበ? “ከግቢ ስለማይወጣ አያስፈልገውም” አትበሉ። በአጥር ሥር የሚገባ ሌላ ውሻ፣ በሌሊት የሚመጣ ድመትና ጅብም አለ። በየዓመቱ ወይም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዛችሁ ጊዜ አስከትቡ፤ ወረቀቱንም ከልጆቻችሁ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡ። አዲስ ቡችላ ካመጣችሁም የሚጀመርበትን ጊዜ ሐኪሙን ጠይቁ።

ልጆቻችን ቢነከሱ ይነግሩናል? ቁጣን ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። “ብትነከስ፣ ብትቧጨር፣ ጥፋቱ ያንተ ቢሆን እንኳ ወዲያው ንገረን፤ አንቆጣህም” በሉት። ቃላችሁንም ጠብቁ።

ንክሻ ቢደርስ ምን እናደርጋለን? ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ቡና፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አትጨምሩበት። ከዚያም ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ “ደኅና ነኝ” ብላችሁ አትቆዩ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነው። የታዘዘውን መርፌ ሁሉ ጨርሱ። ብዙ ወገኖች መጀመሪያ ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ እየሄዱ ውድ ጊዜ ያባክናሉ። መጸለይም መልካም ነው፤ ግን ወደ ሐኪም ቤት እየሄዳችሁ ጸልዩ።

የነከሰው ውሻስ? በቁጣ ተነሥታችሁ አትግደሉት። ሳያስጋ መያዝ የሚቻል ከሆነ ታስሮ ለአሥር ቀን ይታይ፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ነገር ግን ውሻው እስኪታይ ብላችሁ ሕክምናውን አታዘግዩ።

ጎረቤቶቻችንስ? በሰፈራችሁ ሊያስከትብ አቅም ያጣ ካለ፣ ሁለትና ሦስት ቤት ሆናችሁ ሐኪም ብትጠሩ ወጪው ይቀላል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን አካባቢ ይከበራል፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ማለት ነው። ክትባቱን ፈልሳፊው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ስለሆነ ነው። በብዙ ቦታ በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ ይደረጋልና ከቀበሌያችሁ የግብርና ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

በባሌ ያሉት ሐኪሞች የሚያክሟቸው እንስሳት አንድም ቀን አያመሰግኗቸውም። እነርሱ ግን ነገ ማለዳ እንደገና ፈረሳቸውን ይጭናሉ። ከእናንተ የሚጠበቀው ተራራ መውጣት አይደለም። የራሳችሁን በር መጠበቅ ነው። ከመቶው ሰባ የሚለውን ቁጥር የሚሞላው መንግሥት ብቻ ሳይሆን፣ በየግቢው ያለው ባለ አንድ ውሻ ቤተሰብ ነው። በዚህ ሳምንት ውሻችሁን ወደ ሐኪም ውሰዱት።